ቤት የሚያሞቀው የትኛው መስታወት ነው? ለመሀል አዲስ አበባ ቤቶች የመስኮት መምረጫ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን በማሽን የሚያሞቅ ሰው ጥቂት ነው። ብርድ ሲመጣ ጋቢ አለ፣ ሹራብ አለ፣ ሻይ አለ። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጠነክር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥተን ፀሐይ እንሞቃለን። ውጪው ከቤቱ ይሞቃላ! ያቺ ደጅ ላይ የምንሞቃት ፀሐይ ግን በመስኮት ገብታ ሳሎኑን ልታሞቅልን ትችላለች። ያውም በነፃ።

ቤት የሚያድስም አዲስ የሚሠራም ሰው "የትኛው መስታወት ይሻላል?" ብሎ ይጠይቃል። ነጠላ ክሊር (ቀለም የሌለው ተራው)፣ ሪፍሌክቲቭ፣ ደብል ግሌዝ፣ ሎው-ኢ፤ ምርጫው ብዙ ነው። እኔ አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው የመሀል ከተማ መኖሪያ ቤት የመስታወቱ ዓይነት በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ጉዳይ ነው። አንደኛው መስኮቱ ወዴት ያያል የሚለው ነው። ሁለተኛው ማታ በምን ይዘጋል የሚለው ነው። ገንዘብ የሚወጣውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሆን ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ፀሐይዋ የት ናት?

በፀሐይ ስለሚሞቅ ቤት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተጻፈ ነው። "ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ አዙሩት" ይላል። ለእነሱ ልክ ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትሄድ እኩለ ቀን ላይ ሳይቀር በመስኮት ትገባለች። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ደቡብ በጣም በምትርቅበት ቀን፣ ታኅሣሥ 12 ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ሰኔ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች።

ይህ ቤት ላይ ምን ያደርጋል? ከመስኮት በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ሶሌታ አለ እንበል። ታኅሣሥ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ ጥላው ወደ 94 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የወጣው 1 ሜትር ከ20 የሆነ በረንዳ ከሆነ ጥላው 1 ሜትር ከ88 ይደርሳል። እንግዲህ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። "ቤቴ ደቡብ ያያል፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቀና በሉና የላይኛውን በረንዳ እዩ።

ምሥራቅ ሌላ ነገር ነው። በታኅሣሥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በምሥራቅና በደቡብ መሀል ሆና ከአድማስ 30 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። በረንዳ ቢኖርም ሙሉ በሙሉ አይከልላትም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከተማውም ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። በዚያ ሰዓት ምሥራቅ የሚያይ 2 ካሬ ሜትር ንጹሕ ነጠላ መስታወት አንድ ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ያስገባል። ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትሰጠው ያንኑ ያህል ነው።

ስለዚህ ለዚህ ከተማ የእኔ ደረጃ እንዲህ ነው። ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ይቅደሙ። ጥልቅ በረንዳ የሌለው ደቡብ ይከተል። ምዕራብ ያጣላል። ከኅዳር እስከ ጥር ከሰዓት በኋላ የገባችው ፀሐይ ለምሽቱ ትተርፋለች፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ግን ያው መስኮት ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ክረምት ላይም ዝናቡ ከሰዓት በኋላን ስለሚያዘወትር ምዕራብ ብዙ አይጠቅምም። ሰሜን ፀሐይ የሚያገኘው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት በክረምት አካባቢ ስለሆነ ከእሱ ብርሃን እንጂ ሙቀት አትጠብቁ።

አንድ ነገር ግን አለ። መሀል ከተማ ውስጥ አቅጣጫ ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤትም አለ። 15 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 25 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። በካዛንቺስ ወይም በልደታ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊታችሁ ጂ ፕላስ ፎር ቆሞ፣ ምድር ቤት ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ቢኖራችሁ ፀሐይዋ እስክትደርስላችሁ ይረፍዳል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችሁ ግን እየሞቃት ነው።

ወደ መስታወቱ

ሱቅ ውስጥ ስለ ውፍረትና ስለ ቀለም ይወራል። ለሙቀት ዋናዎቹ ግን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ መስታወቱ ከፀሐይዋ ሙቀት ስንት በመቶ እንደሚያስገባ ይናገራል። ሌላው ዩ-ቫልዩ የሚባለው ነው፤ በውስጥና በውጪ መካከል ባለው በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት አንድ ካሬ ሜትር ስንት ዋት እንደሚያስወጣ ያሳያል። የመጀመሪያው ቁጥር የቀን ነው፤ ትልቅ ይሁን። ሁለተኛው የማታ ነው፤ ትንሽ ይሁን።

ነጠላ ክሊር መስታወት ከፀሐይዋ ሙቀት ከ80 በመቶ በላይ ያስገባል። ዩ-ቫልዩው 5.7 አካባቢ ነው። "ስድስት ሚሊ አድርገው፣ ይሞቃል" ቢሏችሁ አትመኑ። ባለ 4 ሚሊውም ባለ 6 ሚሊውም በሙቀት ረገድ ያው ናቸው። ባለ 6 ሚሊው ለጥንካሬና ለድምፅ ይሻላል፣ በቃ።

ነጠላው በእርግጥ ቤት ያከስራል ወይ? እናስላው። ውጪው 8 ዲግሪ፣ ውስጡ 18 ዲግሪ ቢሆን ያ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ወደ 115 ዋት ያፈሳል። ለ12 ሰዓት ሌሊት 1.4 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ግን በሦስት ሰዓት የጠዋት ፀሐይ ከዚያ በላይ አስገብቷል። ስለዚህ በበጋ፣ በጥሩ አቅጣጫ፣ ተራው ነጠላ መስታወት እንኳን ትርፋማ ነው። ችግሩ የሰዓት ነው። ፀሐይዋ ጠዋት ትመጣለች፣ ብርዱ ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው የሚያንቀጠቅጠን።

ሪፍሌክቲቩ፣ ያ ሰማያዊና ቡናማ የሚያብለጨልጨው፣ በከተማው ፋሽን ነው። እንደ ዓይነቱ ከፀሐይዋ ሙቀት ከ30 እስከ 50 በመቶ ብቻ ነው የሚያስገባው። ማታ የሚያስወጣው ግን ከክሊሩ ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል። ገቢው ተቀንሶ ወጪው ያልተነካ ቤት ማለት ነው። ከሰንጋ ተራ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ያሉት የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ቢያደርጉት ይገባኛል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ሰውና ኮምፒዩተር ስለሚሞላ የእነሱ ችግር ሙቀት ነው፤ ማታ ደግሞ ማንም አያድርበትም። መኖሪያ ቤት ግን ተቃራኒው ነው። ቀን ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ሌሊት ይበርደዋል። ክረምት ላይ ደግሞ በዚያ ጥቁር መስታወት ምክንያት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት የሚያበሩ ቤቶች አሉ።

"ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው" የሚለውም ምክንያት ግማሽ እውነት ነው። ሪፍሌክቲቭ የሚደብቀው ብርሃን ከበዛበት ወገን የሚያየውን ሰው ነው። ቀን ውጪው ስለሚበራ ውስጥ አይታይም። ማታ አምፖል ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳሎናችሁ ለጎረቤት ቴሌቪዥን ይሆናል። ለዚያ ለዚያ ስስ መጋረጃ በቂ ነበር።

ሌላው ምክንያት ሶፋ ነው። "ፀሐይ የሶፋዬን ቀለም ታስለቅቅብኛለች" ብሎ ቀኑን ሙሉ ወፍራም መጋረጃ የሚዘጋ ቤት ስንቱ ነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። መፍትሔ ግን አለው። ላሚኔትድ የሚባለው መስታወት ሁለት ገጾች በፕላስቲክ ሽፋን ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። ያ ሽፋን ቀለም የሚያስለቅቀውን አልትራቫዮሌት ጨረር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል፤ ሙቀቱን ግን አብዛኛውን ያሳልፋል። የሚታየው ብርሃንም በጊዜ ብዛት ቀለም ስለሚነካ ጉዳቱ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ሲሰበር ስለማይበታተን ለሌባም ያስቸግራል። ዩ-ቫልዩው ግን እንደ ነጠላው ነው፤ ድርብ ስለተባለ ብርድ ይከላከላል ብላችሁ እንዳትገዙት።

ደብል ግሌዝና የከፍታው ጣጣ

እውነተኛው ደብል ግሌዝ በሁለት መስታወቶች መካከል የታሸገ አየር ያለው ነው። ክፍተቱ 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ዩ-ቫልዩው ወደ 2.8 ይወርዳል። የማታውን ኪሳራ በግማሽ ቆረጠ ማለት ነው። ከፀሐይዋም 75 በመቶ ያህል ያስገባል። ክፍተቱ 6 ሚሊ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሜትር ለኩ።

እዚህ ላይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ የሚነሳ ጉዳይ አለ። እኛ ጋ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ደብል ግሌዝ ታሽጎ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጪ ይገፋል። መስታወቱ ሆዱ ያብጣል። ከጎን ሆናችሁ የፊት ለፊት ሕንፃ ነጸብራቁን ብታዩት መስመሩ ጎብጦ ይታያል። ማኅተሙ ከተላቀቀ ደግሞ በሁለቱ መሀል እርጥበት ይገባል፤ መቼም የማይጠረግ ጉም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከውጪ የሚመጣ ከሆነ ግፊት የሚያስተካክል ቀጭን ቱቦ ተደርጎበት እንደሆነ ጠይቁ። ቱቦው ክፍት ከሆነ ደግሞ "በአየር ፋንታ ብርድ የሚቀንስ አርጎን ጋዝ አለበት" ለሚለው አትክፈሉ፤ ጋዙ በዚያው ቱቦ ይወጣል። እዚሁ ከተማ የታሸገ ከሆነ ይህ ጭንቀት የለም።

ሎው-ኢ ማለት በደብል ግሌዙ ውስጥ ከአንዱ መስታወት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የብረት ሽፋን የተቀባበት ነው። ከቤት ዕቃና ከግድግዳ የሚወጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ይመልሳል። ዩ-ቫልዩው ከ2 በታች ይወርዳል፤ ከአርጎን ጋር 1.2 አካባቢ ይደርሳል። ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ወገን ነው። አንዱ ፀሐይ ለማስገባት የተሠራው ነው፤ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ሌላው ለሞቃት አገርና ለቢሮ የተሠራው ነው፤ ከ40 በመቶ በታች ያሳልፋል። ሁለቱም "ሎው-ኢ" ተብለው ይሸጣሉ። ለመኖሪያ ቤት ሁለተኛውን ከገዛችሁ ውድ ሪፍሌክቲቭ ገዛችሁ ማለት ነው።

የከፈላችሁበትን ማግኘታችሁን በሻማ ማረጋገጥ ይቻላል። ማታ መብራት አጥፉና የበራ ሻማ ወደ መስታወቱ አስጠጉ። በነጠላ መስታወት ላይ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት ነበልባሎች ታያላችሁ። በደብል ግሌዝ ላይ አራት ናቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው። ከአራቱ አንዱ ቀለሙ ከሌሎቹ ለየት ካለ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ፣ ሎው-ኢው አለ። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ተራ ደብል ግሌዝ ነው የተገጠመላችሁ።

ታዲያ ደብል ግሌዝ ይገባል? በእኔ እምነት ለሙቀት ብቻ ተብሎ አይገባም። የእኛ ሌሊት የሞስኮ ሌሊት አይደለም። መንገድ ዳር ሆናችሁ የታክሲው ጥሩንባና የአውቶቡሱ ድምፅ እንቅልፍ ከነሳችሁ ግን ሁለቱን በአንድ ወጪ ታገኛላችሁ፤ ያኔ ያዋጣል። ለድምፁ ሁለቱ መስታወቶች ውፍረታቸው የተለያየ ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ 4፣ ሌላው 6 ሚሊ።

ማታ የሚዘጋው ነገር

ከመስታወት በፊት ንፋሱን ያዙ። ፍሬሙ ንፋስ የሚያስገባ ከሆነ ደብል ግሌዝ አድርጎ መተኛት ቀዳዳ ባልዲ እንደ መሙላት ነው። ተንሸራታቹ ስላይዲንግ አሉሚኒየም ከሚከፈተው ይልቅ ያስነፍሳል፤ ጎማውና ብሩሹ ሲያረጅ ይብሳል። የድሮው የላሜራ ፍሬምም ከተጣመመ ያው ነው። ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ እጣኑን አንሡና ጭሱን በመስኮቱ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ድንገት ወደ ውስጥ ከተመታ ቀዳዳው እዚያ ነው። ጎማና ሲሊኮን ከየትኛውም መስታወት ይረክሳሉ።

ይህን ስል ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ይሂድ። መስኮቱን አጥብቃችሁ ከዘጋችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አታስገቡ። ቡናም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ ይፈላ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ በየብርዱ ሰው የሚገድለው እሱ ነው።

ቀጥሎ መጋረጃ። ገበር ያለው፣ ወፍራም፣ ከመስኮቱ በሁለቱም ጎን አልፎ እስከ ወለል የሚወርድ ይሁን። ከላይና ከታች ክፍት ከሆነ በመስታወቱ ላይ የቀዘቀዘው አየር ከኋላው እየወረደ እግራችሁ ሥር ይወጣል። ፀሐይ እንደጠለቀች ዝጉት፤ ጠዋት ገና ፀሐይዋ ስትወጣ ክፈቱት። አብዛኛው ሰው ግን እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው የሚከፍተው። የድሮ ቤት ከሆነና የእንጨት መዝጊያው አሁንም ካለ፣ ጠግኑት እንጂ አትጣሉት። ከውጪ የሚዘጋ እንጨት ከመጋረጃ ይበልጣል።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አቆዩትና መጀመሪያ ኮርኒስ አሠሩ። ሙቀቱ በዚያ ነው የሚያልቀው።

ፀሐይዋን የት እናስቀምጣት?

የጠዋቱን ሙቀት ለማታ የሚያቆየው ከባድ ነገር ነው። ሴራሚክ ያለው የሶሌታ ወለል፣ የተለሰነ ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ። ፀሐይዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ካነጠፋችሁ ወለሉ አይሞቅም፤ አየሩ ብቻ ቶሎ ይሞቅና ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከኅዳር እስከ ጥር ምንጣፉን ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሜትር ያህል ጠቅልሉት። ወለሉ ጠቆር ያለ ቀለም ካለው የበለጠ ይይዛል። ግድግዳውን በቺፑድ የሸፈነ ሰውም ያንኑ ጥቅም አጥቷል።

ከፈረሱት በተረፉት የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ቤቶች ላይ ሌላ አማራጭ ይታያል። በእንጨት ፍሬም በመስታወት የተከለለ በረንዳ። ጠዋት በረንዳው ይሞቃል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር ትከፍቱታላችሁ። ማታ በሩን ትዘጉታላችሁ፤ በረንዳው ብቻውን ይበርደዋል፣ ሳሎኑ ይተርፋል። ይህ ከማንኛውም ውድ መስታወት ይልቅ ለዚህ ከተማ የሚስማማ ይመስለኛል። በኮንዶሚኒየምም በረንዳ የሚከልል ብዙ ነው፤ የማኅበሩን ፈቃድ መጠየቅ ግን አይቅር። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ጣሪያውን መስታወት አታድርጉት፤ መጋቢት ላይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ጥርት ወዳለው ሰማይ ሙቀቱን ያፈሳል። በመሀል ያለውን በርና ግድግዳም አታፍርሱ። "ሳሎኑ ይስፋ" ብሎ ያፈረሰ ሰው ፀሐይ የሚሞቀውን በረንዳ አፍርሶ ትልቅ ቀዝቃዛ መስኮት ነው የተከለው።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ተከራይ ከሆናችሁ መስታወት አትነኩም። ጎማ፣ ገበር ያለው መጋረጃና ምንጣፍ መጠቅለል ይበቃችኋል። መኝታ ክፍሉን ምዕራብ ወደሚያየው አዙሩና ጠዋት የምትቀመጡበትን ምሥራቅ አድርጉት። ገና ቤት እየፈለጋችሁ ከሆነ ደላላውን "ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሳየኝ" በሉት። ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ አለ።

የራሳችሁ ቤት ሆኖ መስታወት ልትቀይሩ ከሆነ፣ ምሥራቅና ደቡብ ላይ ክሊር ወይም ክሊር ላሚኔትድ አድርጉ። ሪፍሌክቲቭ ካማራችሁ ምዕራቡ ላይ አስገቡት፤ እዚያ ሥራ አለው። ሰሜን ላይ መስኮቱን አሳንሱ፤ ደብል ግሌዝ ከፈለጋችሁም በሙቀት በኩል በደንብ የሚክሰው እዚያ ነው፤ ፀሐይ ስለማይገባ የሚቀረው ኪሳራው ብቻ ነውና።

አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ከአሉሚኒየም ሠሪው ጋር ስትዋዋሉ "ጥሩ መስታወት" የሚል ቃል አይበቃም። የእያንዳንዱን መስኮት አቅጣጫ፣ ክሊር ይሁን ሪፍሌክቲቭ፣ ደብል ከሆነ የክፍተቱን ስፋት፣ ሎው-ኢ ከሆነ ከፀሐይ ሙቀት ስንት በመቶ እንደሚያሳልፍ፣ የሚከፈት ይሁን ተንሸራታች፣ ፍሬሙ መሀሉ ላይ ሙቀት የሚቆርጥ ፕላስቲክ እንዳለውና እንደሌለው አስጽፉ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ከሻማው በኋላ ስጡ።